ሃይ ባይ

ደጋ ቤት ለሚገባ ሰው በሩ ላይ ጋቢ ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ብዙው ጎብኚ የሚመጣው ጭላዳ ለማየት አይደለም፤ ብርድ ለማየት ነው። አዲስ አበባ እንደ አዋሽ ከጋለች ወዲህ የተወለዱ ልጆች ከአፋቸው እንፋሎት ሲወጣ ሲያዩ ሆዳቸው ውስጥ እሳት የተነሣ ይመስላቸውና ያለቅሳሉ። አባቶቻቸው መጀመሪያ ይስቁባቸዋል፤ ቆይተው ግን ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ሃ! ሃ! እያሉ ይጫወታሉ። አረጋውያኑ መስታወቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ይደረደሩና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ "ሐምሌ ማለት ድሮ እንዲህ ነበር" ይባባላሉ። ከመስታወቱ ወዲያ፣ በተሠራው ገደልና በተዘራው ጓሳ መሐል፣ ጭላዶቹ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ። እነሱን ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

እኔ የምሠራው ከመስታወቱ ወዲያ ነው። የሥራ መደቤ "ሃይ ባይ" ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አማርኛ ያውቃል። ጎረምሳ መረን ሲወጣ "ሃይ ባይ አጥቶ ነው" ይባል የለም? እነዚህም ሃይ ባይ አጥተው ያደጉ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በብረቱ በር እገባና "ሃይ! ሃይ!" እያልኩ አባርራቸዋለሁ። ጅራፍ አጮሃለሁ። ከአፈርና ከገለባ የተድበለበለ ጓል እወረውርባቸዋለሁ። ገደሉ ጫፍ ላይ ወጥተው እስኪሸሸጉ ድረስ አልለቃቸውም። ከዚያ ወጥቼ ቁርሴን እበላለሁ።

ይህን ለጎብኚ ማስረዳት ከባድ ነው። አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን መስታወቱን በጡጫ እየደበደበች "አረመኔ! በዚህ ዕድሜሽ!" ብላኛለች። ዕድሜዬን ባታነሣው ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልፈረድኩባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀቱ እየጨመረ በመጣ ቁጥር ጓሳው ወደ ላይ ሸሸ፣ ጭላዳውም ጓሳውን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲወጣ ሲወጣ ተራራው አለቀበትና ከዱር ጠፋ። የተረፉት በሰው እጅ፣ በጡጦ ያደጉት ብቻ ናቸው። በኋላ በሰሜን ተራሮች ላይ ቁር አምባ በሚባለው ከፍታ ሣሩ እንደገና ሲያገግም፣ ከእኛ በፊት የነበረ አንድ መንጋ ተወስዶ ተለቀቀ። አገር አጨበጨበ። ጭላዶቹ ግን ሰው ማለት እናት መስሏቸው ነው ያደጉት። ከአምባው ወርደው ሥሩ ያለችው የሰፋሪዎች መንደር ገቡ። በየደጃፉ ተቀመጡ፣ የአላፊ አግዳሚውን እግር አቀፉ። ውሻ ሲመጣባቸው እንኳ የሸሹት ወደ ሰው ነው። አንዳንዱን መኪና ገጨው፣ አንዳንዱን ገብሱ የተበላበት ገበሬ ገደለው፣ አንዳንዱም በሰንሰለት ታስሮ የሆቴል በር ላይ ፎቶ ማንሻ ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ አለቁ።

ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ፤ ሰውን መፍራቱ በፈተና ያልተረጋገጠ ጭላዳ አይለቀቅም።

የእኛ መንጋ ደግሞ ጊዜ አልነበረውም። የደጋ ቤት ማቀዝቀዣ በመስከረም ይዘጋል። መብራቱ ለሆስፒታሎች ይፈለጋል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም፣ እኔም አልተከራከርኩም። ፈተናውን ካለፉ ወደ ቁር አምባ ይሄዳሉ። ከወደቁ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ወደየአገሩ የመስታወት ክፍል ይበተናሉ። ጭላዳ ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ጠጉሩን የሚፈትሽለት ባልንጀራ ያጣ ጭላዳ የገዛ ደረቱን እየነጨ ያደማል፤ አንዱን እንዲህ ሆኖ አይቼዋለሁና ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ኤልዳና እባላለሁ። ያረጀ ስም መሆኑን አውቃለሁ። በልጅነቴ ግን አንድ ክፍል ውስጥ አስተማሪ "ኤልዳና!" ብሎ ሲጣራ ግማሹ ክፍል ብድግ ይል ነበር። የዛሬ ወጣቶች ስም ወደ ኋላ ዞሮ ትርንጎ፣ ዘለቃሽ፣ ድንቄ ሆኗል። አለቃዬ ዶክተር ትርንጎ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትሄድ የጫማዋ ክር ሁልጊዜ የተፈታ ልጅ ናት።

እኔን ከመቅጠሯ በፊት ብዙ ሞክራለች። መጀመሪያ የሚያባርር ማሽን አስገባች፤ ጭላዶቹ ማሽኑን ፈርተው ማሽኑን የሚጠግነውን ሰው አቀፉት። ቀጥላ አንድ ደረቱ የሰፋ ስፖርተኛ አመጣች፤ ትከሻው ላይ ወጥተው ጠጉሩን ሲፈትሹለት ዋሉ። ከዚያ አንድ ተዋናይ መጣ፤ ሲያገሣ ያስፈራል ይላሉ፣ ግን ሲያገሣ ራሱን ሳቅ ይቀድመው ነበር። በመጨረሻ እኔ ተጠራሁ። እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሕንፃ በነበረው ጊዜ ዩኒት ሊደር ነበርኩ፤ የሚያረፍድ፣ የሚጣላ፣ አጥር የሚዘል ተማሪ ወደ እኔ ነበር የሚላከው። ልጆች በየቤታቸው ግድግዳ ላይ መማር ሲጀምሩ ኮሪደሩ ባዶ ቀረ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ።

"እትዬ ኤልዳና፣ ተማሪ ይፈራዎት ነበር?" አለችኝ ትርንጎ በመጀመሪያው ቀን።

"የጫማዬ ድምፅ ሲሰማ ኮሪደሩ ጸጥ ይል ነበር።"

"ይጠሉዎት ነበር እንዴ?"

"መፈራትና መጠላት ለየቅል ነው፣ ልጄ።"

"ለኛ ሁለቱም ቢሆኑ ደስ ይለናል" አለችና ጅራፉን ሰጠችኝ። "ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እነዚህ እናት የላቸውም። ለራሳቸው እንዲተርፉ ፈሪ ያድርጉልኝ።"

ሥራውን በቶሎ ለመድኩት። ጭላዳ ማለት ተማሪ ነው። አውራው ጋሜውን አበጥሮ ከመንጋው ፊት ፊት የሚጎማለል፣ ሲቆጡት ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን የሚያሳይ፣ ሲያባርሩት ግን ከሴቶቹ ቀድሞ የሚሮጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱን በየዓመቱ አስመርቄያለሁ። ሴቶቹ ብልጦች ናቸው፤ ጓል ስታነሺ እጅሽን ሳይሆን ዓይንሽን ነው የሚያዩት።

ስም ማውጣት ክልክል ነበር። እኔም ስም አላወጣሁም። አንዲት ትንሽ ሴት ግን ነበረች፤ የኋላ እግሯ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዞርና በሮጠች ቁጥር ትደናቀፋለች። ሜዳ ላይ ትወድቃለች፣ ዳገት ላይ ትወድቃለች፣ አንዳንዴ ቆማም ትወድቃለች። እንቅፋት እያልኩ ጠራኋት። ይህ ስም አይደለም፤ የነገሩ ሁኔታ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በሐምሌ መጨረሻ ሆነ። ፈታኙ አቶ ኪሩቤል የሚባል፣ ራሱ የተመለጠ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የማያውቁት ሰው ጭብጥ ሙሉ እሸት ይዞ ይገባል፣ ጭላዶቹ ሸሽተው መቅረት አለባቸው። አቶ ኪሩቤል በብረቱ በር ገባ። እኔ በሩን ስንጥቅ ያህል ከፍቼ ከኋላው ቆምኩ። መስታወቱ ድምፅ ያሳልፋልና አረጋውያኑም አግዳሚያቸው ላይ ሆነው ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ።

ገና ጥላው ሲያርፍ አውራው ጮኸ። መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ተምዘገዘገ። ደስ ያለኝ ደስታ! ትርንጎ ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች። አቶ ኪሩቤል ሊያሳድዳቸው ሁለት ርምጃ እንደሮጠ ግን እግሩ የውርጭ ሣር ላይ አረፈና ተንሸራተተ። በጀርባው ወደቀ።

"እኔን!" አልኩ።

እኔ ብቻ አይደለሁም። አግዳሚው ላይ ያሉት አረጋውያን በሙሉ ባንድ ድምፅ "እኔን!" አሉ። ጋቢ አዳዩ ከበሩ ላይ ሆኖ "እኔን!" አለ።

ጭላዶቹ ቆሙ። ዞሩ። ከዚያ እንደ ተፈታ ክፍል፣ እየተጋፉ፣ እየተንጫጩ ወረዱ። አውራው አቶ ኪሩቤል ጭን ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሴቶች መላጣውን ይፈትሹለት ጀመር፤ የሚፈለግ ነገር ባይኖርበትም በደግነት ፈተሹት። እንቅፋት እሸቱን በላች።

አቶ ኪሩቤል እዚያው በጀርባው እንደተጋደመ፣ "ይኸ መውደቅ ነው" አለ። ስለ ራሱ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ትርንጎ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ግድግዳው ላይ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ጅራፍ ይዤ ስሮጥ፣ እኔ ጓል ስወረውር። ምስሉን አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። እንቅፋት ድንጋይ መትቷት በግንባሯ ተተክላለች።

"አፍዎን ይዩት" አለችኝ።

አየሁት። አፌ ይንቀሳቀሳል። ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ "እኔን!"

"እኔ? መቼ?"

"እዚህ ጋ። እዚህም ጋ። ይኸው እዚህ ደግሞ።" አንዱን ባንዱ ላይ እያስከተለች አሳየችኝ። በሁሉም ላይ አንዱ ጭላዳ ይወድቃል፣ እኔ "እኔን!" እላለሁ፣ ወዲያው ጅራፌ ይወርዳል፣ ትከሻዬ ይለሰልሳል፣ ጭላዶቹም ይቆማሉ። "ለእኛ ማዘን ነው፣ እትዬ ኤልዳና። ለእነሱ ግን 'ጨዋታው አልቋል፣ ኑ' ማለት ሆኗል። እርስዎ እኮ መፍራትን አስተምረዋቸዋል። መፍራቱ በአንድ ቃል እንደሚያልቅም አስተምረዋቸዋል።"

"ሳላውቀው ነው እኮ ያልኩት።"

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አለች ልትስቅ እየሞከረች። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። አቶ ኪሩቤል አንድ ዕድል ብቻ እንደሰጠን ነገረችኝ። በነሐሴ መጨረሻ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህኛው ግን የሚያባርራቸው እኔ ራሴ ነኝ። "የሚያውቁትን ሰው ካልሸሹ የማያውቁትን መሸሻቸው ለምን ይጠቅማል?" ብሏል። እውነቱን ነው።

እንግዲህ አንድ ቃል ልተው ነው። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን የሚያውቅ የሞከረው ብቻ ነው። ከቤቴ ስወጣ የሰፈር ሕፃን ይደናቀፋል፤ "እኔን!" ባቡር ላይ የማላውቃት ሴት ቦርሳዋ ይወድቃል፤ "እኔን!" ለቦርሳ! አመል ያወጣል ከመሃል የሚባለው ለሌባ ይመስለኝ ነበር።

ትርንጎ ልታለማምደኝ ወሰነች። ከሥራ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለች ሆን ብላ ትወድቃለች፣ እኔ ደግሞ "ሃይ!" ልላት ነው። የመጀመሪያውን "እኔን!" አልኩ። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ከንፈሬን ነከስኩና ዝም አልኩ፤ ደስ ብሏት ስትነሣ የራሷን የጫማ ክር ረግጣ የእውነት ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ። ከአፌ የወጣው ቃል ኮሪደሩን ሞላው።

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እሷ ጉልበቷን ትነፋለች፣ እኔ የተዘጉትን የቢሮ በሮች አያለሁ።

"አይሆንልኝም፣ ትርንጎዬ። ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"ቃሉ ግን ምን ማለት ነው?" አለችኝ በድንገት። "ሁላችንም እንላለን። 'እኔን' ምን?"

አስቤው አላውቅም ነበር። "እኔን ይድፋኝ ነዋ። ለእኔ ያድርገው። የወደቀው እሱ ከሚሆን እኔ ልሁን ማለት ነው።"

"እውነትዎን ነው የሚሉት? ወይስ እንዲሁ ነው?"

ተናደድኩ። "አንቺ ልጅ! ምን ማለትሽ ነው?"

"ከእውነትዎ ከሆነ እኮ" አለች ዓይኗን ከጉልበቷ ሳታነሣ፣ "ይሁኑዋ። የፈተናው ቀን እንቅፋት ስትወድቅ የሚጎዳው እርስዎ ይሁኑ። ቃሉን ሲሉት እርስዎን ይቀልዎታል፣ እሷን ግን ይገድላታል። ካላሉት ደግሞ እርስዎን ያምዎታል፣ እሷ ትድናለች። 'ለእኔ ያድርገው' ማለት ይኸ አይደለም እንዴ?"

የጫማዋን ክር አሰርኩላትና ተነሣሁ። ስም የከለከለች ልጅ "እንቅፋት" ማለቷንም ያስተዋልኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና በደረሰበት ዕለት አግዳሚው ባዶ ነበር። አረጋውያኑን ትርንጎ አንድ በአንድ ለምና ነው ያስወጣቻቸው፤ "በእናንተ አፍ አላምንም" ብላቸዋለች፣ እነሱም በራሳቸው አፍ እንደማያምኑ አምነው ወጡ። አቶ ኪሩቤል ከመስታወቱ ጀርባ ብቻውን ተቀመጠ። ጋቢውን ሁለት ደርቧል።

ጭብጥ ሙሉ እሸት ኪሴ ከትቼ፣ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጭላዶቹ ፀሐይ የሚመስለው መብራት ሥር ተሰብስበው ጀርባቸውን ያሞቃሉ። አንዷ እናት የልጇን ጆሮ ትፈትሻለች። ጅራፉን አጮህኩት።

"ሃይ!"

ሮጡ። አውራው እንደ ወትሮው ቀደመ። ተከተልኳቸው፤ "ሃይ! ሃይ!" እያልኩ፣ ጓል እየወረወርኩ። አንድ ነገር ልናገር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስወረውር ሆን ብዬ ነበር የምስተው። ጓሌ አንዳቸውንም ነክቶ አያውቅም። ይህን ትርንጎም የምታውቅ ይመስለኛል።

ሁሉም የገደሉን ግማሽ ወጥተዋል፤ የቀረችው እንቅፋት ናት። ዘለለች። የፊት እጇ ድንጋዩን ያዘ፣ ያ የዞረው እግሯ ግን ሳተ። ተንከባላ መጥታ እፊቴ ወደቀች። የእውነት አወዳደቅ ነው፤ አጥንት ድንጋይ ሲመታ ሰምቼዋለሁ። እግሯን ሰብስባ ይዛ፣ እንደተኛች ቀና ብላ አየችኝ።

ላዩ ላይ ሁሉም ቆመዋል። አውራው ቆሟል፣ እናቶቹ ቆመዋል። ሁሉም የሚያዩት የእኔን አፍ ነው።

ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ደረሰ ስል እንዲያው አባባል አይደለም፤ እንደ ትኩስ ጉርሻ ተቀርቅሮ ይሰማኛል። ዕድሜ ልኬን ለወደቀ ሁሉ ሳልሳሳ የሰጠሁት ቃል ነው። ሌላ የምሰጠው ነገር ሳይኖረኝ እንኳ እሱን ሰጥቻለሁ። እንቅፋት እየጠበቀች ነው። ዓይኗ ላይ ፍርሃት የለም፤ ፍርሃት አለመኖሩ ነው የሚያርደው። ሰንሰለቱን አየሁት፣ የሆቴሉን በር አየሁት፣ ብቻዋን መስታወት ውስጥ ሆና ደረቷን ስትነጭ አየሁ።

ጎንበስ ብዬ ጓል አነሣሁ።

"ሃይ!" አልኩና ወረወርኩት። አልሳትኩም። ጀርባዋ ላይ አረፈ።

ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። በሦስት እግሯ ተነሥታ፣ ወደ ኋላዋ እያየች፣ እኔን እያየች፣ ገደሉን ወጣች። ስታየኝ ዓይኗ ተለውጧል። እናቶቹ ተቀብለው ገደሉ ላይ ወዳለው ዋሻ አስገቧት። እኔ እሸቱን ይዤ ሜዳው መሐል ተቀመጥኩ፤ ሕጉ ነው። ጠበቅን። አንድም አልወረደም። ብርዱ አጥንቴ ገብቶ ጣቶቼ እሸቱን መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ተቀመጥኩ፣ አንድም አልወረደም።

አቶ ኪሩቤል ተነሥቶ መስታወቱን በጣቱ መታ። "አልፈዋል" አለ። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠረገው፤ ሲጠርግም ቆየ።

በጓሮ በር ወጥቼ መንገድ ዳር፣ በዚያ ንዳድ ውስጥ ቆምኩና ያስቀረሁትን ሁሉ አወጣሁት። "እኔን፣ እኔን፣ እኔን ይድፋኝ!" አንድ መንገደኛ ደንግጦ ቆመ።

"እናቴ፣ ማን ሞተብዎት?"

"ማንም አልሞተም" አልኩት። "ፈተና አልፈን ነው።"

ሰውዬው ግራ ገብቶት እንኳን ደስ ያለዎት ብሎኝ ሄደ።

እስኪሄዱ ድረስ ሥራዬን ቀጠልኩ። የእንቅፋት እግር ተሻለው። ጠዋት ስገባ ከሁሉም ቀድማ የምትሸሸው እሷ ሆነች፤ በኋላማ ጫማዬ በሩ ላይ ሲሰማ ነበር የምትጠፋው። ትርንጎ ይህን ስታይ "ድንቅ ነው!" አለች፤ ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ግን ሌላ ወሬ አመጣች። ድንቅ መሆኑን አውቃለሁ። ከተማሪዎቼ ሁሉ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ቢሆንም ከፍቶኝ ነበር፤ ይህን ለመደበቅ የምሞክርበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

በጳጉሜን ጭነው ወሰዷቸው። እኔ እንድሸኝ አልተፈቀደልኝም፤ የሚያዩት ሰው እንዲያንስ ነው የሚፈለገው። ቁር አምባ ላይ ካሜራ አይተከልም፣ የሚበር ዓይን አይላክም፤ ማሽን ባለበት ሰው አለ ብለው እንዳይለምዱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው የሚመጣው ከሰው አፍ ብቻ ሆነ፣ ሰው ደግሞ ወሬ አልነበረውም። መስከረም አለፈ። ማቀዝቀዣው ተዘጋ፣ ጓሳው ቢጫ ሆነ፣ ገደሉ ላይ ሸረሪት አደራ። ጥቅምት አለፈ። ትርንጎ መንጋውን ልትከታተል ከሄደችበት፣ ከተራራው ሥር ካለች ከተማ እየደወለች "የሞተም አላገኘንም፣ ያለም አላየንም" ትለኛለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። እኔ ባዶው ቢሮ ውስጥ ስልክ እንድመልስ ተቀምጫለሁ። ከእሷ ሌላ የሚደውል አልነበረም። ያ ጓል ጀርባዋን ሳይሆን ሌላ ነገሯን ሰብሮ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ማሰቡን የሚከለክል ደንብ የለም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ረፋድ ስልኩ ጮኸ።

"የጭላዶቹ መሥሪያ ቤት ናችሁ?" የሚል የቁጣ ድምፅ መጣ። "ጓንጉል እባላለሁ፣ ከቁር አምባ ሥር። በሕግ አምላክ! እናንተ ናችሁ እነዚህን ሌቦች የለቀቃችሁብን?"

ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። "ምን አደረጉ፣ ጌታዬ?"

"ምን አላደረጉም በሏ! ገብሴን ጨረሱት! ታች ያለውን ማሳ፣ ያውም የደረሰውን! ጎሕ ሲቀድ ይወርዳሉ፣ ይሞጨልፋሉ፣ ይሄዳሉ። ውሻ አሰርኩ፣ አልተያዙም። ማማ ሠርቼ ልጠብቅ ብል ከማማው ሳልወርድ ይጠፋሉ። ትናንት እንኳ እጥሻው ውስጥ አድፍጬ ጠበቅኳቸው። እንዲያው ጥላዬን ቢያዩ ነው መሰል፣ ድንጋይ እንኳ ሳላነሣ ብን አሉ! እንዲህ ያለ ፈሪ ፍጥረት በዕድሜዬ አላየሁም!"

"ሁሉም?" አልኩት።

"ሁሉም! ልጅ ያዘሉት ሳይቀሩ! አንዷማ ከኋላ የቀረች ነበረች፣ እግሯ ሸፋፋ ነገር። ይቺን እንኳ ይዤ ለሸንጎ ማስረጃ አቀርባለሁ ብዬ ተስፈነጠርኩ። ወደቀች፣ ያዝኳት ስል ተነሥታ ገደሉን እንደ ጭስ ወጣችው። ዞር ብላም አላየችኝ!"

አፌን በእጄ ያዝኩ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔም አልለየሁትም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡ።

"ሴትዮ!" አለ አያ ጓንጉል። "ትስቂያለሽ? ገብሴን በሉት እኮ ነው የምልሽ! ሌባ ነው የምልሽ!"

"ይቅርታዎን፣ አያ ጓንጉል" አልኩት እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ። "ገብሱን እንነጋገርበታለን፣ ቃሌ ነው። ብቻ እባክዎ፣ እንዴት እንደሮጡ አንዴ ይድገሙልኝ።"